የቢቸናው ቀጥቃጭ ዓይን

እኛ ቤት ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም ነበር። አባቴ ስለው፣ እጀታውን አስገብተው፣ በጨርቅ ወልውለው ሲጨርሱ መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ ገዥው ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ልጅ ሳለሁ ስለቱ ሰው እንዳይቆርጥ ይመስለኝ ነበር። እናቴም እንደዚያ ብላ ነው የነገረችኝ። ነፍስ ሳውቅ ግን ነገሩ ገባኝ። ሰዎቹ የሚሸሹት ቢላዋውን ሳይሆን የአባቴን እጅ ነበር።

ቤታችን ከቢቸና ገበያ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እኛ ጋ ሲደርስ ይቆማል። “ለሥራቸው ውኃ ስለሚፈልጉ ነው እዚያ የሰፈሩት” ይሉ ነበር። አይ እቴ፣ ውኃማ ላይኛው ሰፈርም አለ። አባቴም፣ አያቴም፣ የአያቴ አባትም እዚያችው ቤት ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረው እዚያችው አርጅተዋል። መስፉ፣ ማለቴ ብረት የሚቀጠቀጥበት ወፍራሙ ብረት፣ ከማን እንደመጣ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። መካከሉ በመዶሻ ብዛት ጎድጉዶ ነበር። አገሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚፈልጥበት ምሳር ሁሉ ከእኛ ቤት ይወጣል፤ ስማችን የሚነሣው ግን በቢላዋ ነው። የአባቴ ቢላዋ ከእጀታው ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ በሹል ብረት የተመታች ትንሽ መስቀል አለችው። ያቺን መስቀል የቅድመ አያቴ አባት ናቸው የጀመሯት ይባላል። መስቀሏን ያየ ገበያተኛ አይከራከርም፣ ስለቱንም በጥፍሩ አይሞክርም።

ብረቱ ድሮ ያረጀ ማረሻ ነበር። ጣልያን ከወጣ ወዲህ ግን የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ መገኘት ጀመረ፤ አባቴ ባሌስትራ ሲያገኙ ደስታቸው ልጅ የተወለደላቸው ሰው ደስታ ነበር። በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ይሰሙታል። “ይሄ በሬ ሲቆርጥ ይኖራል” ይላሉ። ፋሲካ ሲደርስ ቢላዋ ለማሳል የማይመጣ ቤት አልነበረም፤ ባለርስቱም፣ ካህኑም፣ ጠጅ ሻጯም ይመጣሉ።

ታዲያ በዚያው ቢላዋ ቁርጥ ሲቆርጡ አባቴ በደጃቸው ካለፉ ሥጋውን በነጠላ ይሸፍኑታል። ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላላ። ቡዳ ነው፣ ካየ አየ ነው፣ ያየው ልጅ ታሞ ይተኛል ይባላል። ስለዚህ አባቴ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሕፃን ያዘለች ሴት ወይ ልጇን አስከትላ የመጣች እናት ወደ ግቢያችን ስትገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ግድግዳውን እያዩ ነው የሚያነጋግሯት። ሕፃን የሚጠሉ ይመስል ነበር። ኧረ ወዲያ፣ እንደሳቸው ሕፃን የሚወድ ሰው አላየሁም። ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ለሰው ልጅ አንድ ቀን “አምሮብሻል” ብለው አያውቁም። ቀጥቃጭ ልጅ ካደነቀ የልጅቱ እናት እንቅልፍ የላትም።

ሌላም ነበር የሚያናድደኝ። ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ሁሉ አባቴን “አንተ” ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለጎረምሳው “አንቱ” ይላሉ። እኔ ይኼን ስሰማ ወናፉን እያናፋሁ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ወናፉን የማናፋው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ስትሞት ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ ባል የማገባበት ዕድሜ ደርሶ ማለፍ ጀምሮ ነበር። የእኛ ሰው የሚጋባው ከእኛው ሰው ጋር ነው፤ ቢቸና ውስጥ ያን ጊዜ የነበሩት ሁለቱ የኛ ጎረምሶች ደግሞ ምላሴን ፈርተው ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ ብለው አክስቶቼ ይቀልዱብኝ ነበር። ይቀልዱ። እኔ ሥራውን ወድጄው ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሰሉን አቀጣጥዬ፣ ወናፉን ይዤ፣ እሳቱ ሲተነፍስ መስማት ደስ ይለኛል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አባቴ ሞረዱን ሲፈልጉ አየኋቸው። ሞረዱ ጉልበታቸው ሥር ነው ያለው። እሳቸው ግን በእጃቸው መሬቱን እየዳሰሱ ይፈልጋሉ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ሴት ቢላዋ መለሰችብን፤ ስለቱ ተሸራርፏል። “ዶሮ ገና ሳርድበት” አለች። መስቀሏ ያለችበት የእኛው ቢላዋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን ሆኖ አያውቅም።

“ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው” ሲል ሰው ሁሉ ይተርታል፤ መቀጥቀጡስ ቀላል ነው። ከባዱ ብረቱን ውኃ ማጠጣት ነው፤ የጋለውን ስለት ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጠንከር። ብረቱ የበሰለ በርበሬ መስሎ ሲቀላ ገና ነው፣ ቢነክሩት ዶልዷም ይሆናል። ወደ እንቁላል አስኳል ሲጠጋ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አልፎ ከነጣ ተቃጠለ፣ ሲነክሩት ይሸራረፋል። ይኼን የሚነግር ዓይን ብቻ ነው።

ሴትየዋ ስትሄድ ጠየቅኋቸው።

“አባዬ፣ አያዩም እንዴ?”

“አያለሁ። ትንሽ ጭጋግ ነው።”

“ክረምቱ እኮ ወጥቷል።”

“የኔው አልወጣም” አሉና መዶሻቸውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶበታል። እንዴት እስከዚያ ሳላየው እንደቀረሁ አላውቅም። እሳቸውም ደብቀውኛል። ከሰሉ ጋ ተቀምጬ አለቀስኩ።

አባቴ ለቅሶዬ እስኪወጣልኝ ጠበቁና ነገሩን አስረዱኝ። ዓይናቸው መጥፋቱ ከተሰማ ቢላዋ የሚያሠራቸው አይኖርም። ካልተሰማና ሥራቸው መበላሸቱን ከቀጠለ ደግሞ የባሰ ነው። የሌላ ሰው ሥራ ሲበላሽ ተበላሸ ይባላል፤ የቀጥቃጭ ሥራ ሲበላሽ ግን ተንኮል ነው፣ ክፋት ነው፣ ሆን ብሎ ነው። በዚህ ሰበብ ከመንደር የተባረሩ የእኛን ሰዎች ሁለታችንም እናውቃለን። “ይቺን ቤትና ይኼን መስፍ ይዘን ለመቆየት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለን” አሉኝ። “ቀለሙን አንቺ ታይልኛለሽ።”

እንደዚያው አደረግን። እኔ ወናፉን እያናፋሁ ብረቱን አያለሁ። አስኳል ሲሆን “እህ” እላለሁ፣ እንደ ማሳል አድርጌ፤ አባቴ ወዲያው ይነክሩታል። መንገድም ስንሄድ አንድ እርምጃ ቀድሜ እሄድና የጫማዬን ድምፅ ሰምተው ይከተሉኛል። ቢላዋው እንደገና እንደ ቀድሞው ሆነ። ያቺው የመለሰችብን ሴት እህቷን ይዛ መጣች። እኔም ተጽናናሁ፤ እንዲህ አድርገን እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዘልቃለን ብዬ አሰብኩ።

አጨዳ ሲቃረብ የአንድ ሰውዬ ሚስት ቢላዋ ልትወስድ መጣች። ሰውዬው ከከተማው ዳር ሰፊ መሬት ያለው፣ በሽምግልናም በእድርም ፊት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ለአባቴ “አንተ” ሲል የኖረ ሰው ስለሆነ እኔ ዛሬም “አንቱ” አልለውም። ሚስቱ ልጇን አስከትላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ዓይነ ግቡ ልጅ። አክስቷ ጋ ዓባይ በረሃ ቆላ ወርዳ ከርማ ገና መምጣቷ ነበር።

እኔ ከውስጥ ከሰል እያወጣሁ ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅ መምጣቷን ቢያውቁ እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር፤ ግን ልጅቱ ዝም ብላ ቆማለች፣ የምትናገረው እናቲቱ ብቻ ናት። አባቴ ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። ልጅቱ ከእናቷ ጎን ስለቆመች የዞሩት ወደ እሷ ሆነ። ፀሐዩ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ዓይናቸውን አይጨፍኑም፣ አያርገበግቡም። እኔ ከሰሉን ይዤ ስወጣ እናቲቱ ነጠላዋን በልጅቱ ፊት ላይ ስትጥል ደረስኩ። ቢላዋውን ከመሬት አንሥታ ልጇን እየጎተተች ሄደች።

“ማን ነበረች?” አሉ አባቴ።

“ልጅም አብራት ነበረች።”

አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። “ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ማንም ሳይኖር።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቱ ታመመች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃጠላለች፣ ትቃዣለች። ቆላ ወርዳ መምጣቷን ሁሉም ያውቃል። የወባ ንዳድ ነው ቢባል የሚያስቸግር ነገር የለውም ነበር። ግን ንዳድ ቤት የለው፣ ደጁን አንኳኩተው አይከሱት። ደብተራ ጠሩና ቅጠል አጨሱባት። “ማነህ? ከየት መጣህ?” ብለው ጠየቁ፤ የሚጠይቁት ልጅቱን ሳይሆን ውስጧ ገብቷል የሚሉትን ነው። ልጅቱ “ጋለ፣ ጋለ” አለች አሉ። ቀጥሎ “አየኝ” አለች። በትኩሳት የሚነድ ሰው ምን እንዲል ነው የሚፈልጉት? ለእነሱ ግን አለቀ። የጋለ ብረት ያለው ማን ቤት ነው? ያያትስ ማን ነው?

ሰውዬው ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። አባቴ ተነሡ፤ እኔ ከጎናቸው ቆምኩ። ሰውዬው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን “አንቱ” አላቸው።

“ልጄን ይማሩልኝ” አለ። “መጥተው እንትፍ ይበሉባት። በእመቤታችን ይዤዎታለሁ።”

የበላ ሰው ምራቁን እንትፍ ካለበት የታመመው ይድናል ይባላል። ልማዱን የማያውቅ አልነበረም። እኔ ግን አላስቻለኝም።

“ንዳድ ነው የያዛት” አልኩ። “ቆላ ወርዳ አልነበር? ድሬሰሩ ጋ ወስዳችሁ መርፌ አስወጓት።”

“አንቺ አርፈሽ ተቀመጭ” አለኝ አንደኛው ሽማግሌ፣ ሳያየኝ።

አባቴ “ቆዩኝ፣ ጋቢዬን ልልበስ” ብለው ወደ ቤት ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። ክንዳቸውን ያዝኩና አላይም፣ አላየኋትም፣ ዓይኔ ጠፍቷል ብለው ይንገሯቸው ብዬ ለመንኳቸው። አንድ ቃል ነው። የማያይ ሰው በዓይኑ ልጅ በላ ብሎ የሚከስ ማን ነው?

“ከነገርኳቸው ነገ ብረት የሚያመጣልኝ የለም” አሉ።

“አልሄድም ይበሉ እንግዲያ።”

“አልሄድም ብዬ ልጅቱ ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ። ሄጄ ብትድን የበላኋት እኔ ነኝ።” ጋቢያቸውን ተከናነቡ። “ከሁለቱ የምትድንበቱ ይሻላል።”

“እርስዎ እንትፍ ስላሉ ነው የምትድነው?”

“አላውቅም” አሉኝ። “እናትዋ ግን ዛሬ ትተኛለች።”

እንደ ልማዴ አንድ እርምጃ ቀደምኩና ሄድን።

ሰውዬው ቤት ደጅ ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየያዙ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ልገባ ስል “አንቺ እዚሁ ቅሪ” ብለው ደረቴን ገፉኝ። አባቴ ብቻቸውን ገቡ። ቤቱን አያውቁትም። ደፉ ላይ እግራቸው ተያዘና በግንባራቸው ተደፉ፤ እጃቸው ቅጠሉ የሚጨስበት ገል ላይ አረፈ። ሲቃጠሉ ድምፅ አላሰሙም። እሳት የለመደ እጅ ነው። ተነሡና ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እናቲቱ ወደምታለቅስበት ዞረው እንትፍ አሉ።

“ወዴት ነው?” አለ ሰውዬው። “ልጅቱ በዚህ ነች እኮ።”

አባቴ ዞሩ። አሁን የዞሩት ወደ ምሰሶው ነው። ምሰሶው ላይ እንትፍ አሉ።

አንዲት ባልቴት ተነሥታ እጇን በአባቴ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገች። “ኸረ ይሄ ሰው አያይም” አለች።

እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ ሰማሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ሥራው ይቅር፣ ብረቱም ይቅር፣ አሁን ገባቸው ብዬ አሰብኩ። መሳሳታቸው ግልጽ ሆነ፣ አባቴን ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ደብተራው ራሱን ነቀነቀ። ባልቴቷ ግን ቀደመችው።

“ሰው የበላበት ዓይን ነው” አለች። “እግዜር ፈረደ።”

“ፈረደ” አሉ ሌሎቹም። እየተቀባበሉ እስከ ግቢው ድረስ ወጣ፤ እኔም ሰማሁት። ሰውዬው የአባቴን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ እንደ ማሰሮ አዞረና ወደ ልጅቱ መለሳቸው። አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ እንትፍ አሉ። “እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ” አሉ። ከዚያ ማንም ሳይመራቸው በግድግዳው እየዳሰሱ ወጡና በሩ ላይ ተቀበልኳቸው።

በማግስቱ ልጅቱ አላባት፣ ትኩሳቱም ለቀቃት። ውኃ ጠየቀች፣ ከዚያ እህል ቀመሰች። ንዳድ እንዲህ ነው፤ ይይዛል ይለቃል። ቢቸና ግን ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ቢላዋ ሊያሠራ ቀጠሮ የያዘ ሁሉ ቀረ። ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ቀየሩ። የሱቅ ቢላዋ ከአዲስ አበባ መምጣት ጀምሮ ስለነበር እሱን ገዙ፤ ያብለጨልጫል፣ ሽንኩርት ላይ ይንሸራተታል። ለእሱም ግድ አልሰጣቸውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውዬው ብቻውን መጣ። ከአጥሩ ውጭ ነው የቆመው። “አንቱ”ው አልቋል።

“እግዜር ይስጥህ፣ ምረኸናል” አለ። “ቤተሰቤን አድነሃል፣ አልክድም። ግን ሌሎች ልጆችም አሉን።”

አባቴ የተቃጠለ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

“ጎረምሶቹ አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ እፈራለሁ። ቤቱንም ያቃጥሉ ይሆናል። ሳይከፋ በሰላም ወደ ዘመድህ ብትሄድ።” ሊሄድ ብሎ ዞረና እንደገና ተመለሰ። “ደግሞ አጨዳው ደርሷል። ማጭዶቹን ስለህ ብትሄድ ደግ ነበር።”

እንደ ቀልድ ነው የተናገረው እንዳይባል ፊቱ ቀልድ የለበትም። ከልቡ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል “ግን ዓይን ሳይኖርህ ይኼን ሁሉ ቢላዋ እንዴት ሠራኸው? ማን ነው የሚያይልህ?” ብሎ ጠየቀ።

“ልጄ ናት የምታይልኝ” አሉ አባቴ።

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ሰበረና ሄደ። ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ንዴቴ ሌላ ቦታ ነበር።

ማጭዶቹን በአጥሩ ላይ እየወረወሩ አስገቡ። ተከመሩ። ወንዝ ውስጥ ልጥላቸው አልኩ። ደንዝዘው ይቅሩ፣ ጤፋቸውን በጥርሳቸው ይጨዱት አልኩ። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ቀን ተጣልተን አናውቅም።

“ማጭዱ ምን አጠፋ?” አሉ።

“ባለቤቶቹስ?”

“እነሱን አልስላቸውም” አሉና የመሳያ ድንጋዩን ውኃ አርከፈከፉበት።

አንድ በአንድ ሳሏቸው። ስለቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚሠሩት፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። የተቃጠለ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። ጥርሱ የተሰበረውን ሳይቀር አስተካከሉት። እኔ ዕቃ እየጠቀለልኩ ድንጋዩ ሲያሽ እሰማለሁ። ሲጨርሱ ከአጥሩ ውጭ ደረደሯቸው። ሰዎቹ እኛ ወደ ቤት እስክንገባ ጠብቀው ወሰዱ። አንድም ሰው ደህና ሁኑ አላለም።

ሞጣ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ብረት ይሠራ ነበር። እህል አራግፎ ባዶውን በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ መስፉን፣ ወናፉንና መዶሻዎቹን ጭነን ሄድን። አባቴ መንገዱን ሁሉ አንድ እጃቸውን መስፉ ላይ አድርገው ነው የሄዱት። ሞጣም ቢሆን ቀጥቃጭ ቀጥቃጭ ነው፤ አጎቴም የሚኖረው ከከተማው ግርጌ ነው። ሰው ግን አባቴን ሲያይ የቢቸናው ዓይነት ነገር አልተናገረም። ሌላ ነገር ተናገረ።

“አያዩም እንዴ?” አለች አንዲት ጎረቤት፣ የመጣን ሰሞን።

“አያዩም” አልኳት። መደበቁ ሰልችቶኝ ነበር።

“እንግዲያ ምን ያደርጋሉ?” አለችና በሆዷ ያለውን ሳትደብቅ ሳቀች። “የማያይ ሰው ምን ይበላል?”

ቢቸና ፍርድ ያለችውን ሞጣ ዕረፍት አለችው። ሴቶቹ ሳይፈሩ ይቀርቧቸው ጀመር። ቢላዋቸውን ሊያስሉ ሲመጡ በእጃቸው ይሰጧቸዋል፤ ከእጅ ወደ እጅ። አባቴ መጀመሪያ ቀን ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሴትየዋ ግን እጃቸውን ይዛ ቢላዋውን አስጨበጠቻቸው። እዚያች ጎረቤት ቤት ያለች ትንሽ ሴት ልጅ ደግሞ ዳዴ እያለች መጥታ ጭናቸው ላይ መውጣት ጀመረች። “አባባ” ትላቸዋለች። እናቷ አትከለክላትም። አንድ ቀን አባቴ ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን።

“ታምሪያለሽ” አሏት።

በዕድሜያቸው ለሰው ልጅ እንዲህ ሲሉ የሰማሁት ያኔ ነው። ከሰል መልቀሜን ትቼ ሰማኋቸው። ከቢቸና በመባረራችን እንኳ ለአፍታ ደስ አለኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብዬ አማተብኩ።

ቀለሙን አሁንም የማየው እኔ ነኝ። እዚህ ሳል መሰል ድምፅ አያስፈልገኝም፤ “አሁን” እላለሁ በግልጽ። ሰውም ያየናል። ቢላዋው ይወጣል፣ መስቀሏ ትመታለች፣ ስለቱ እንደ ቢቸናው ነው። እያደር ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ለአባቴ በእጃቸው የሚሰጡት ሴቶች እኔ ልቀበል እጄን ስዘረጋ ቢላዋውን መሬት ላይ ያስቀምጡታል። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ቀጥሎ ወደ ውኃ ስወርድ ነጠላቸውን በልጆቻቸው ላይ ሲጥሉ አየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የሚያየው ማን ነው? ብለው ሳይጠያየቁ አልቀሩም። የቢቸናው ሰውዬ ያን ቀን ዓይኑን ለምን እንደሰበረ ያኔ ገባኝ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሕፃኗ እንደ ልማዷ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከሰሉን ልጨምር ቀና ስል ዓይኗ ከዓይኔ ገጠመ። ሳቀችልኝ። እኔም ሳቅሁላት፤ ምን ላድርግ? እናቷ አጥሩ ጋ ነበረች። እየሮጠች መጣች። ልጅቷን ከአባቴ ጭን ነጥቃ ነጠላዋን ጣለችባት፣ ፊቷን ወደ ደረቷ አጣብቃ እንትፍ እንትፍ አለች። ለአባቴ “ይቅርታ አባባ” ብላ ሄደች። ለእኔ ምንም አላለችኝም።

የአባቴ እጆች እንደ ተዘረጉ ቀሩ።

“ምን ሆነች? ለምን ወሰደቻት?” አሉ።

“መሽቷል፣ አባዬ” አልኳቸው።

“ፀሐዩ ጀርባዬን እየጠበሰኝ?”

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የሰሙት እንትፍታ ነው፤ ለማን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋቸውም። እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉኝ፤ ትከሻዬን አገኙና ያዙት። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን አየሁ።

“ሕፃን ሲመጣ ወደ ግድግዳው ዞር በይ” አሉኝ። “መጀመሪያ ይከብዳል። ይለመዳል።”

አባቴ ያን ቀን ብቻ ነው የዋሹኝ። እኔ ይኸው አርጅቼም አልለመድኩት።